«ግማሹ አልገባኝም፣ ግን ከዓይኔ አልጠፋም»፦ አኪራ ለምን አያረጅም?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ አኒሜሽን መማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ጓደኞቼ ‹አኪራን ሳታይ ምኑን ተማርክ› እያሉ ሲጨቀጭቁኝ ባለፈው ሳምንት አየሁት። እውነቱን ልናገር? ታሪኩ ግማሹ አልገባኝም። መጨረሻው ላይማ ጭራሽ ጠፋብኝ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋም። እኔ ሳልወለድ የተሠራ ፊልም ነው። ሰው እስካሁን የሚያወራለት በትዝታ ነው ወይስ እውነት የሆነ ነገር አለው? የቶኪዮን ኦሎምፒክ ተንብዮ ነበር የሚባለውስ?»

ጋሼ ካልከኝ እኔም አንተ ልበልህ።

በመጀመሪያ ታሪኩ ስላልገባህ አትፈር። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። የፊልሙ ዳይሬክተር ካትሱሂሮ ኦቶሞ አኪራን በመጀመሪያ የሠራው በማንጋ፣ ማለትም በጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ነው። ከ1982 ጀምሮ ያንግ ማጋዚን በሚባል የጃፓን መጽሔት ላይ በተከታታይ ይወጣ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)። ተጠናቆ ሲታይ ከ2,000 ገጽ በላይ ነው። ያለቀው በ1990 ነው። ፊልሙ ግን በ1988 ወጣ። ስለዚህ ኦቶሞ ገና ያልጨረሰውን ታሪክ ነው በ124 ደቂቃ ውስጥ ያጨቀው። ማንጋው ላይ ትልቅ ቦታ ያላቸው ሰዎች ፊልሙ ላይ ብቅ ብለው ይጠፋሉ። አንዳንዱ ነገር ከየት እንደመጣ ሳይነገርህ ያልፋል። እኔ ራሴ ታሪኩን በቅጡ የተረዳሁት ማንጋውን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ታዲያ ያልገባን ፊልም እንዴት ከዓይናችን አይጠፋም? ዋናው ጥያቄ እሱ ይመስለኛል። አንተም ሳታውቀው ጥያቄህ ውስጥ መልሱን ጽፈኸዋል። «ከዓይኔ አልጠፋም» ነው ያልከኝ።

አኪራ የቆየው ክብደት ስላለው ነው። ምሳሌያዊውን ክብደት ማለቴ አይደለም። ሚዛን ላይ የሚወጣውን፣ ኪሎውን ነው የምልህ። ፊልሙ ውስጥ ሞተር ሳይክል ክብደት አለው። የኮንክሪት ቁራጭ ክብደት አለው። ብርሃን እንኳን ክብደት ያለው ይመስላል። ሰው ሲመታ፣ መስታወት ሲረገፍ፣ ፎቅ ሲናድ ሰውነትህ ቀድሞ ያምናል። ታሪኩ ባይገባህም ሰውነትህ «ይሄ ነገር በእውነት ተፈጸመ» ብሎ መዝግቦታል።

ይህ እንዴት እንደመጣ ላስረዳህ። ትምህርትህም ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

ከ1963 ጀምሮ፣ ኦሳሙ ቴዙካ አስትሮ ቦይን በየሳምንቱ ለቴሌቪዥን መሥራት ከጀመረ ወዲህ፣ የጃፓን አኒሜሽን የቁጠባ ጥበብ ሆኖ ነበር የኖረው። ገንዘቡም ጊዜውም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሥዕል ይቆጠባል። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያልፋል፤ አዲስ ሥዕል ግን 8 ብቻ ይሆናል። አንዳንዴ ከዚያም ያንሳል። ሰውዬው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አፉ ብቻ ከፈት ዘጋ ይላል። ይህን ለማናናቅ አይደለም። በዚያ ቁጠባ ውስጥ ድንቅ ሥራዎች ተሠርተዋል። ግን ክብደት የሚባለው ነገር ብዙ ሥዕል ይበላል። አንድ ዕቃ ሲወድቅ መጀመሪያ ዝግ ብሎ፣ ከዚያ እየፈጠነ ነው የሚወርደው። ያንን ልዩነት ለማሳየት በመሃል የሚገቡ ሥዕሎች ያስፈልጋሉ።

አኪራ ላይ ያ ቁጠባ ቀረ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር ወደ 160,000 ሴል ነው። ሴል የምንለው ግልጽ ፕላስቲኩን ነው። ሥዕሉ እሱ ላይ ይገለበጣል፣ በጀርባው ቀለም ይቀባል፣ የጀርባ ሥዕሉ ላይ ይነጠፋል፣ ካሜራ ከላይ ያነሳዋል። ከዚያ ይነሳና ሌላው ይተካል። ሁሉም በእጅ ነው። ኮምፒውተር እዚህም እዚያም ለጥቂት ነገር ገብቷል እንጂ ሥራው የእጅ ነው።

እዚህ ላይ ኢንተርኔቱን የሞላ አንድ ወሬ ላስተካክል። «አኪራ ሙሉውን በሰከንድ 24 ሥዕል ነው የተሠራው» ይባላል። አይደለም። 124 ደቂቃ 7,440 ሰከንድ ነው። 160,000ን ለእሱ ብታካፍለው 21 ተኩል ገደማ ይመጣልሃል። በአንድ ፍሬም ላይ ደግሞ ሁለትም ሦስትም ሴል ይደራረባል። ሒሳቡ ራሱ ወሬውን ያፈርሰዋል። አኒሜተሮቹ አብዛኛውን ቦታ አንድን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ነው የሚያቆዩት፣ ማለትም በሰከንድ 12 ማለት ነው። ፈጣን ወይም ረቂቅ እንቅስቃሴ ሲመጣ ወደ 24 ያወጡታል። ጥበቡ ያለው የትኛው ጋ መጨመር እንዳለበት በማወቁ ላይ ነው። ይህን ካልያዝክ 24 ሥዕል ብትሥልም ነገሩ ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ፕላስቲክ ይሆንብሃል። የተማሪ ሥራ ላይ በየቀኑ የማየው ስህተት ነው።

የዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ የሞተረኞቹን አለቃ የካኔዳን ፍሬን አስታውስ። ቀዩ ሞተር ሳይክል በጎኑ ዞሮ እየተንሸራተተ ወደኛ ይመጣል፣ ጎማው ያጨሳል፣ ከዚያ ይቆማል። ጥቂት ሰከንድ ናት። በዓለም ላይ ስንት ጊዜ እንደተቀዳች ቆጥሮ የጨረሰ ያለ አይመስለኝም። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጆርዳን ፒል ራሱ በ2022 በወጣው ፊልሙ ውስጥ በእውነተኛ ሞተርና በእውነተኛ ሰው ደግሟታል። ለምን ይቀዷታል? ሞተሩ ስለሚያምር ብቻ አይደለም። መቆሙ ስለሚሰማህ ነው። ያ ሁሉ ፍጥነት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፤ ጎማው ውስጥ ሲሰምጥ ታየዋለህ።

ፍርስራሹን ደግሞ እይ። ሌላው ፊልም ላይ ፎቅ ሲፈርስ ጢስ ይነሳል፣ ጥቂት ድንጋይ ይበተናል፣ አለቀ። ኦቶሞ ግን ስብርባሪ ይወዳል። ትልቁ የግድግዳ ቁራጭ ዝግ ብሎ ይወርዳል፣ ትንሹ ጠጠር ተፈናጥሮ ይሄዳል፣ አቧራው ኋላ ይመጣል። እያንዳንዱ የየራሱ ሰዓት አለው። አንድ አኒሜተር ቁጭ ብሎ «ይቺ ቁራጭ ስንት ኪሎ ናት?» ብሎ አስቧል ማለት ነው። አስብ፣ ለአንዲት ጠጠር!

ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም። አንድ ነገር ግን ልብ በል። የፊልሙ ትልቁ ክፍል ሌሊት ነው። የዘመኑ አኒሜሽን ሌሊትን ይሸሽ ነበር፣ ጨለማ ውስጥ ቅርጽን ለመለየት ብዙ ዓይነት ጥቁርና ሰማያዊ ስለሚፈልግ። አኪራ ላይ 327 ቀለም ጥቅም ላይ ውሏል፤ 50ው ለዚህ ፊልም ተብሎ የተቀመመ ነው ይባላል። ሞተሮቹ ሲያልፉ የኋላ መብራታቸው አየር ላይ ቀይ ክር እየጎተተ የሚቀረው በዚህ ጨለማ ላይ ስለሆነ ነው የሚያምረው።

ድምፁስ? በጃፓን ልማዱ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ተዋንያኑ እያዩ ድምፃቸውን መቅዳት ነው። አኪራ ላይ ተገለበጠ። ዋናው ንግግር መጀመሪያ ተቀዳ፣ አኒሜተሮቹ ያንን እየሰሙ አፉን ሣሉ። በጃፓንኛው ድምፅ ካየኸው ከንፈርና ምላስ ከቃሉ ጋር ሲሄዱ ታያለህ። በእንግሊዝኛ ትርጉም ካየኸው ይህ ሁሉ ልፋት ውሃ በላው። በየትኛው እንዳየኸው አልነገርከኝም። በእንግሊዝኛ ከሆነ እንደገና እየው።

ሙዚቃውን የሠሩት ጌይኖ ያማሺሮጉሚ ይባላሉ። ሙያቸው ሙዚቃ ያልሆነ በርካታ ሰዎች የተሰባሰቡበት ቡድን ነው። መሪያቸው ሾጂ ያማሺሮ በትክክለኛ ስሙ ትሱቶሙ ኦሃሺ የሚባል ሳይንቲስት ነው። የባሊ ደሴትን የቀርከሃ መሣሪያ፣ የጃፓንን የኖ ቴአትር ዜማና የቡድሃ መነኮሳትን ጸሎት አንድ ላይ አመጡ። ለወደፊቱ ዓለም ፊልም ሌላው ሰው ሲንተሳይዘር ብቻ ይደረድር ነበር። ያ ሙዚቃ ዛሬ የ1980ዎቹ ሙዚቃ ሆኖ ይቀር ነበር። ቀርከሃና የሰው ጉሮሮ ግን መቼ አረጀ? ለአለማርጀቱ ግማሹ ምክንያት እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የካኔዳ ቡድን ክላውን ከሚባሉት ተቀናቃኝ ሞተረኞች ጋር ሲዋጋ የሚሰማውን የትንፋሽ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ስማው። ሰው አጠገብህ ቆሞ የሚያለከልክ ነው የሚመስልህ።

ደግሞ ዝምታው። ፊልሙ ሲጀምር ከተማው ላይ ነጭ ብርሃን ይነሳና እያበጠ ሁሉን ይውጠዋል። ፍንዳታ ነው፤ ግን ሲፈነዳ አትሰማም። ነፋስ የሚመስል ነገር ብቻ። ከዚያ ጉድጓዱ፣ ቀዩ ርዕስ፣ ከበሮው። የዚያ ትዕይንት ቀን ተጽፎ ይታያል፦ ጁላይ 16 ቀን 1988። ፊልሙ በጃፓን ሲኒማ ቤቶች የተከፈተው በዚያው ቀን ነው፤ በእኛ ሐምሌ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ቀን ቲኬት ቆርጦ የገባ የቶኪዮ ሰው ከተማው በዚያች ዕለት ስትጠፋ አየ ማለት ነው። ከዚያ ወጥቶ በባቡር ወደ ቤቱ ሄደ። እንዴት ያለ ስሜት ይሆን?

እኔ ያየሁት ከዓመታት በኋላ ነው። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ባመጣው ካሴት፣ ሳሎን ውስጥ። ካርቱን ነው ብለን ትንንሾቹንም ሰብስበን ተቀመጥን። የካኔዳ ጓደኛ ቴትሱኦ አልጋው ላይ ሆኖ አሻንጉሊቶቹ የሚመጡበት ቦታ ላይ እናቴ ቡና ይዛ ገባች። «ይሄ ነው የልጆች ፊልም?» ብላ ራሷ አጠፋችው። ቀሪውን በሌሊት ድምፁን ቀንሰን ጨረስነው። ለነገሩ ግራ የተጋባችው እናቴ ብቻ አልነበረችም። በዚያን ጊዜ አሜሪካና አውሮፓም «ካርቱን ለልጅ ነው» ብለው ያምኑ ነበር። አኪራ ያንን እምነት ካናጉት ሥራዎች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልምጣ። ብዙው ነገር ቢያደናግርህም ልቡ በጣም ቀላል ነው። የሁለት ወንድ ልጆች ጸብ ነው። አንዱ ሁሌ ጠባቂ፣ ሌላው ሁሌ ተጠባቂ። ካኔዳና ቴትሱኦ ያደጉት ወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ ነው። ቴትሱኦን ልጆች ሲመቱት ካኔዳ ይደርስለታል። አደጉ። ካኔዳ አለቃ ሆነ፣ ቀይ ጃኬት፣ ቀይ ሞተር። ቴትሱኦ መጀመሪያ አካባቢ ያቺን ሞተር ሲነካካት ካኔዳ አንተ አትችላትም ይለዋል፣ ከፈለግህ የራስህን አምጣ። በቀልድ ነው የሚለው። ቴትሱኦ ግን አልሳቀም። የፊልሙ መዓት ሁሉ፣ ሌዘሩም፣ ታንኩም፣ የፈረሰው ከተማም፣ ከዚያች ንግግር ነው የሚመነጨው።

ውለታ የሚከብደው ሰው አይተህ ታውቃለህ? ያደረግክለትን ሁሉ እንደ ስድብ የሚቆጥር? ቴትሱኦ እሱ ነው። በአእምሮው ብቻ ነገር የሚያፈርስበት ኃይል ሲያገኝ መጀመሪያ የሚፈልገው ዓለምን መግዛት አይደለም። ከካኔዳ ጥላ መውጣት ነው። ኋላ ላይ ከፍርስራሹ ቀይ ጨርቅ አንስቶ ካባ አድርጎ ሲለብስ ልብ ብለሃል? ቀይ የካኔዳ ቀለም ነው። ይህ የኔ ንባብ ነው፣ ኦቶሞ እንዲህ አለ አልልህም። ግን ጎዳና ላይ እየተራመደ ወታደር የሚበትነው ያ ጉልበተኛ እኔን የሚመስለኝ የታላቅ ወንድሙን ልብስ ሰርቆ የለበሰ ልጅ ነው።

የኦሎምፒክ ስታዲየሙ ላይ ሲገናኙ የሚባባሉትን ደግሞ ከፈረንጅ ይልቅ አማርኛ ተናጋሪ ነው በደንብ የሚረዳው። ቴትሱኦ «ካኔዳ!» ብሎ ይጮኻል። ባዶ ስም። ካኔዳ ምን ብሎ ይመልሳል? «ሳን ጨምርበት፣ አንተ ግንባራም!» በጃፓን ይህች አነጋገር ዝነኛ ናት። «ሳን» ማክበሪያ ናት። በእኛ ቤት «ጋሼ በለኝ!» እንደማለት ነው። ከተማው እየፈረሰ፣ አንዱ አምላክ ሊሆን ትንሽ ቀርቶት፣ ጸባቸው ግን «አንተ ማነህና ነው በስሜ የምትጠራኝ» ነው። እንግሊዝኛው «ሚስተር» ብሎ ሲተረጉመው ቀልድ ብቻ ይሆናል። በአንተና በአንቱ መካከል ያደገ ሰው ግን ውስጧ ያለውን ፍቅርም ንቀትም ይሰማዋል።

ከዚያ ሰውነቱ ከቁጥጥሩ ወጥቶ ማበጥ ሲጀምር ቴትሱኦ ማንን ይጠራል? ካኔዳን። እርዳኝ ብሎ። ያ ሁሉ ጉዞ ዞሮ ማሳደጊያው ግቢ ውስጥ ያለቅሳል።

መጨረሻው ጠፋብኝ ስላልክ በአጭሩ ልንገርህ። አኪራ ራሱ ሕያው ሆኖ እየተጠበቀ አልነበረም። ስታዲየሙ ሥር በቅዝቃዜ የተቀበረው፣ አገር ሁሉ የሚፈራው፣ ኑፋቄው አምላኬ የሚለው አኪራ ሲከፈት በብልቃጥ ውስጥ የተቀመጠ የአካል ቁርጥራጭ ነው። ቀልዱ ይገርማል። ፊታቸው እንደ ሽማግሌ የተጨማደደው ሦስቱ ሕጻናት፣ ኪዮኮ፣ ታካሺና ማሳሩ፣ ድሮ አብሯቸው የነበረውን ጓደኛቸውን ጠርተው ይቀሰቅሱታል። ነጩ ብርሃን እንደገና ይነሳል፤ ቴትሱኦን ይዞት ይሄዳል። ካኔዳም ብርሃኑ ውስጥ ይገባል። ሕጻናቱ መመለስ እንደማይችሉ እያወቁ እሱን ለማውጣት ይገባሉ። ከተማው ዳግም ይፈርሳል። በስተመጨረሻ ከሆነ ቦታ «እኔ ቴትሱኦ ነኝ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሌላ ዓለም ተፈጠረ የሚሉ አሉ። እኔ የማደምጠው ግን ስሙን ነው። ዕድሜ ልኩን የካኔዳ ተከታይ የነበረ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን በስሙ ጠራ።

የኦሎምፒኩን ነገር ጠይቀሃል። ፊልሙ 2019 ላይ ነው የሚካሄደው። ኔኦ-ቶኪዮ፣ ከጥፋቱ በኋላ የተሠራችው አዲሷ ቶኪዮ፣ ለ2020 ኦሎምፒክ እየተዘጋጀች ነው። እውነተኛዋ ቶኪዮ በ2013 የ2020ን ኦሎምፒክ ስታሸንፍ ሰው ተገረመ። ይባስ ብሎ ፊልሙ ላይ «147 ቀን ቀረው» የሚል ሰሌዳ አለ፤ ከሥሩ አንድ ሰው «ይሰረዝ» ብሎ ሞነጫጭሮበታል። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2020 በትክክል 147 ቀን ሲቀረው፣ ኮሮና እየተስፋፋ፣ ያቺ ሰሌዳ በጃፓን ማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨች። በማርች ውድድሩ ወደ 2021 ተላለፈ።

ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ትንቢት ግን አይደለም፤ ኦቶሞ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ነበር የሚያየው። እሱ የተወለደው በ1954 ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ 9 ዓመት ቢሆነው። በቦምብ የነደደችው ቶኪዮ እንደገና ስትሠራ፣ ተማሪና ፖሊስ አደባባይ ላይ ሲዋጉ፣ በ1964 ኦሎምፒክ ሲመጣ እያየ አደገ። ፊልሙ ላይ ያለው ያው ነው፦ ቦምብ፣ መልሶ ግንባታ፣ አስለቃሽ ጭስ፣ ስታዲየም። ዓመቱን ብቻ ቀየረው።

ያንን የ1964 ኦሎምፒክማ እኛም እናውቀዋለን። ኦክቶበር 21 ቀን አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር ሳይሞላው ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ጨርሶ፣ ሣሩ ላይ ጂምናስቲክ የሠራበት ነው። ለእኛ ያ ስታዲየም የኩራት ሥዕል ነው። ለጃፓን ደግሞ «ከአመድ ተነሣን» የሚል ማስረጃ ነበር። ኦቶሞ የጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው። ስታዲየሙ ከምን ላይ ነው የተሠራው? ፊልሙ ላይ መልሱ ግልጽ ነው። የበዓሉ ቦታ የተሠራው የመጀመሪያው ጥፋት በተቀበረበት አናት ላይ ነው። እውነተኛው የ1964 ስታዲየም በ2015 ፈርሶ ቦታው ላይ አዲስ ተሠራ። ይህን እንኳን ማንም አልተነበየም፤ ከተማ የሚሠራው እንዲህ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ እንከን የለውም አልልህም። ሴቶቹ ደካማ ናቸው። መንግሥትን የምትታገለው ኬይ መሣሪያ ይዛ ገብታ በኋላ የሌሎች ድምፅ ማስተላለፊያ ትሆናለች። የቴትሱኦ ፍቅረኛ ካኦሪ ከመከራ በቀር የተሰጣት ነገር የለም፤ አሟሟቷን ዛሬም ሳየው ይከብደኛል። የፖለቲካው ክር፣ ሙሰኛው ፖለቲከኛና የኮሎኔሉ መፈንቅለ መንግሥት፣ ተጀምሮ መሃል መንገድ ላይ ይቀራል። ሌላ ፊልም በዚህ ይሞት ነበር። አኪራ የሚያወጣው ከቃሉ ይልቅ ሥዕሉ የሚናገር ስለሆነ ነው።

ዛሬ እንደዚያ መሥራት ይቻላል? ይከብዳል። አኪራ የተሠራው የጃፓን ኢኮኖሚ አብጦ ሊፈነዳ ጫፍ ላይ በደረሰበት ጊዜ ነው። ኮዳንሻ፣ ባንዳይና ቶሆን ጨምሮ ብዙ ድርጅቶች ገንዘብ አዋጥተውለታል። የቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ በ1989 መጨረሻ ጣሪያ ነክቶ ከዚያ ወደቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማን ያንን ብር ያወጣ ነበር? ደግሞ ወዲያው ኮምፒውተር መጣና ሴል የሚቀባ ሰው ጠፋ። በመካከል የተገኘች ጠባብ በር ነበረች። ሆሊውድም ዋርነር ብራዘርስ መብቱን በ2002 ገዝቶ በሰው ተዋናይ እሠራለሁ ብሎ ከ20 ዓመት በላይ ሲንከላወስ ፊልሙ አልወጣም። አልገረመኝም። ታሪኩን መግዛት ይቻላል፤ ጠጠሯን ኪሎ የመዘናት ሰውዬ ግን አብሮ አይሸጥም።

ስለዚህ ትዝታ ነው ወይ ላልከው፣ አንተ ራስህ ማስረጃ ነህ። ሳትወለድ የወጣ ፊልም ምን ትዝታ አለህና ነው ከዓይንህ ያልጠፋው?

አሁን ለትምህርትህ። በ2020 በ4ኬ የታደሰውን ቅጂ አግኝ፣ በጃፓንኛ ድምፅ። መጀመሪያ የሞተር ውጊያውን አሥር ደቂቃ ድምፅ አጥፍተህ እይ። ከዚያ ስክሪኑን አጥፍተህ ድምፁን ብቻ ስማ። ከዚያ የካኔዳን ፍሬን ፍሬም በፍሬም አሳልፈው፤ የትኛው ሥዕል ሁለት ፍሬም እንደቆየ፣ የትኛው አንድ እንደሆነ በወረቀት ጻፍ።

ፍንዳታ ለመሥራት እንዳትቸኩል። ተማሪ ሁሉ አኪራን ካየ በኋላ ከተማ ማፍረስ ያምረዋል፤ እኔም አምሮኝ ያውቃል። አንዲት የግድግዳ ቁራጭ ሣል። ከአንድ ፎቅ ከፍታ ጣላት። መሬት ስትነካ አንድ ጊዜ ትንጠር፣ ትሰንጠቅ፣ አቧራዋ ኋላ ይድረስ። በወረቀትም ይሁን በታብሌት። 12 ሥዕል ይበቃሃል። ስትጨርስ ላክልኝ፤ ስንት ኪሎ እንደሆነች አትንገረኝ፣ እኔ እገምታለሁ።